ተራውን የጠበቀ ጩኸት

ሮማ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1976 ዓ.ም.

የተወደድሽ ልጄ፣ እህት አመተ ማርያም፤

ለማንም፣ ለነፍስ አባቴም ሳይቀር፣ ያልተናገርኩትን ነገር ከሰላምታው አስቀድሜዋለሁ፤ ሰላምታ ከጀመርኩ ወደ ሌላ ወሬ እሸሻለሁና። ጎረቤታችን አበበች የጮኸች ቀን እኔ ቤት ነበርኩ። ቀድሜ ወጣሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። ማንም አልወጣም። ልጇ ኃይለም አልዳነም፤ ሱዳን የሚባል አገር አልሄደም። በማግስቱ ከሰፈራችን በታች መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ።

አሁን ልጠይቅሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ያ ወባ ለቀቀሽ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ፔርሜሶዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ታደሰልኝ። የማገለግላት ሲኞራ ምሳዋን በልታ ስለተኛች ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ከእናንተ ገዳም አንዲት ሱኦር ሰኞ ወደ ሕንድ ትበራለች አሉኝ፤ በፖስታ ከላክሁት ይዘገያል ብዬ ለእሷ ልሰጣት ነው። ኅዳር ሳይገባ በእጅሽ መድረስ አለበት።

የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ያነበብኩት እየፈራሁ ነው። ራንቺ አጠገብ ባለው መንደር ሴቶቹን ሰብስበሽ ስትሰብኪላቸው ያዛጋሉ፣ ታሪክ ስትነግሪያቸው ግን ጎረቤታቸውን ጠርተው ይመጣሉ ብለሽኛል። ስለ ኩሬ በነገርሻቸው ታሪክ ኩሬ መቆፈራቸውን ስትጽፊልኝ ለሲኞራዋ ሳይቀር አውርቼላት ነበር። አሁን ግን የነገርሻቸው የእኔን ታሪክ ነው። የባለርስቱ ሰዎች በየዓመቱ ሩዝ ሲታጨድ ዱላና ጠመንጃ ይዘው እየመጡ የመበለቶቹን እህል ይጭናሉ። ዘንድሮ ሲመጡ መጀመሪያ ፉልማኒ የምትባለው ትጮኻለች፣ ቀጥላ ያለችው ቤት ትቀበላታለች፣ ከዚያ ቀጥላ ያለችው፣ «ልክ እንደ እናንተ ማኅበር» ብለሻል። የመጀመሪያዋን ጩኸት የተቀበለችው ሴት ማን ናት ብለው ሲጠይቁሽ «እናቴ ናት» ብለሻቸዋል። ስሜ ለአፋቸው ስለከበዳቸው «ወላታ» እንደሚሉኝ ጽፈሽ ከጎኑ ሳቅሽን አከልሽበት።

እኔ አልሳቅሁም ልጄ። እነዚያ ሴቶች ጠመንጃ ፊት ሊወጡ የተስማሙት በእኔ ውሸት ነው።

እውነቱ እንዲህ ነበር። አንቺ ለገዳም ከወጣሽ በኋላ፣ አባትሽም ካረፈ በኋላ፣ የሰፈራችን የማርያም ማኅበር ለእኔ ቤተ ዘመድ ሆነኝ። ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል፤ ከአበበች የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ፊደል የለየሁት አንቺ ስታጠኚ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ መሆኑን ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ሳነብ በማኅበሩ ታሪክ ተናጋሪ ተባልኩ። የመንግሥት ታጣቂዎች ወጣቶችን እያፈሱ መውሰድ በጀመሩ ጊዜ አንድ ታሪክ ነገርኳቸው። ሽፍታ የአንዲት መበለት በሬ ሊነዳ ይመጣል፤ እሷ ትጮኻለች፤ ጎረቤቷ ትቀበላታለች፤ ጩኸቱ ከጎጥ ወደ ጎጥ ሲሄድ ሽፍታው ተራራው ሁሉ የተነሣበት ይመስለውና በሬውን ጥሎ ይሸሻል። ታሪኩን የሰማሁት ከአባቴ ነው። አባቴ ሲነግረኝ ግን ሽፍታው በሬውን ነድቶ ነው የሄደው። እኔ ነኝ በሬውን ያስመለስኩት። እንዲያ ይጥማል ብዬ ነው።

ስጨርስ አበበች ብድግ አለች። «ታዲያ እኛ ጉሮሮ የለንም?»

«አንቺማ አለሽ፤ ባልሽን ጠይቂው!» አለቻት አንዷ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ከሳቁ በኋላ ግን ተማማልን። የማንኛችንም ልጅ ሊወሰድ ሲመጣ እናቱ ወጥታ ትጮኻለች፤ ሌሎቻችን እንወጣለን። ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሚንጫጫ ወግ እንዲኖረው በጽዋው ተራ ይሁን ያልኩትም እኔ ነኝ። አበበች ብትጮህ እቀበላለሁ፣ ከእኔ ደግሞ ፊት ለፊቴ ያለችው። ጽዋን ከተራው ቀድሞ መቀበል ነውር ስለሆነ ለሁላችንም ያማረ ነገር መሰለን።

የመጡት እኩለ ቀን ላይ ነው። ምስር እየለቀምኩ ነበር። የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ወዲያው የአበበች ድምፅ መጣ። «ኡኡ! የማርያም ልጆች ኡኡ!» አለች። ተነሥቼ እስከ በሩ ሄድኩ። መቀርቀሪያውን ይዤ ነበር። አልጋዬ ሥር የደበቅሁት ሰው የለም፤ የሚያስይዝ ወረቀት የለኝም፤ የሚወሰድ ወንድ ልጅ የለኝም። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ድምፄ ሳላዝዘው እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩት።

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ቆማለች። አበበችን አትመለከትም፤ የምትመለከተው የእኔን በር ነው። ከእሷ ወዲያም ሌላዋ አንገቷን አውጥታ እሷን ታያለች። ሁሉም በጆሯቸው ሰምተዋል፤ ግን ተራቸው አልደረሰም። አበበች ደጋግማ ጠራች። በኋላ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ መኪናው ተነሣ።

ከዚያ ያደረግሁትን ደግሞ ስሚ። ከማድጋው ዱቄት ዘግኜ ትከሻዬ ላይ ነሰነስኩ፤ በጓሮ ወጥቼ ዞሬ በፊት ለፊቱ መንገድ መጣሁ። «ምን ሆናችሁ? እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ» አልኳቸው። ፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ ዱቄቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ፊቷን አዙራ ገባች። እስከ ዛሬ ምንም አላለችም። ኃይለ ሲገኝ ማልቀስ ተከልክሎ ስለነበር አበበች በሯን ዘግታ ተቀመጠች፤ ውኃ እያሞቅሁ እግሯን ያጠብኩላት እኔ ነኝ።

ሮማ ከመጣሁ በኋላ፣ አንቺ ወደ ሕንድ ልትሄጂ ስትሰናበቺኝ «ኃይለስ እንዴት ሆነ?» አልሽኝ። «ሴቶቹ ወጥተን አስጣልነው፤ ከዚያ በሱዳን ወጣ» አልኩሽ። ፊትሽ ሲበራ አይቼ መመለስ አቃተኝ። ይህንንም እንደ በሬው አድርጌ አሳመርኩት።

ይህን ሁሉ እንደያዝኩ ልሞት እችል ነበር። ባለፈው ሐሙስ ግን፣ እንደ ልማዳችን በዕረፍታችን ከሰዓት ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ተቀምጠን ስንጫወት፣ ያቺ ለሁሉም ሥራ የምታፈላልገው ኣስገደት ከኋላዬ መጣች።

«አሎራ እትዬ ወለተ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ የሰፈርሽን ዕቃ አምጥቼልሻለሁ!»

«ዕቃሽን እዚያው! ባለፈው ያመጣሽልኝ ጫማ እግሬን ልጦታል» ብያት ዞር ስል አበበች ቆማለች።

«ወለቴ! አንቺ ደግሞ አላረጀሽም እኮ። ፓስታው ነው እንዴ?» አለችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አንዲት አሮጊት ለማስታመም ነው የመጣችው። ጸጉሯ ጥጥ መስሏል። ሌሎቹ ወደ አውቶብስ ሲሄዱ እጄን ይዛ አስቀረችኝ።

«አንድ ነገር ያንቀኛል፣ ወለቴ። ያን ቀን ኃይለ በጓሮ አጥር ሊዘል አንድ እግሩን አሻግሮ ነበር። ወንዙ ውስጥ ቢገባ አያገኙትም። ሸሚዙን ይዤ የመለስኩት እኔ ነኝ። ‹ግባ፤ ስጮህ ሴቶቹ ይወጣሉ፣ ተማምለናል› አልኩት። ‹እማዬ፣ አይወጡም› አለኝ። ‹ይወጣሉ› አልኩት። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«አይደለሽም» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ወፍጮ ቤት ሆንሽብኝ። ዕድሌ ነው። ብትኖሪ ትወጪ ነበር፤ አንቺን አውቅሻለሁ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «ነይ፣ አውቶብሱ መጣ» አልኳት። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ እጇን እያወዛወዘችልኝ ሄደች።

ማታውን ደብዳቤሽን እንደገና ሳነበው ፉልማኒ ልጅ ይኑራት አይኑራት አለመጻፍሽን አየሁ። አጥር ላይ ያለ ልጅ ይኖራት ይሆን? እሷስ ሸሚዙን ትይዘው ይሆን?

ታሪክ ሰውን ከቤቱ ያወጣል ብለሽኛል። እውነትሽን ነው። አበበችንም አውጥቷታል፤ ብቻዋን።

አትውጡ በያቸው አልልሽም። እህሉ የእነሱ ነው፣ ረሃቡም የእነሱ ነው፤ እዚህ ሆኜ የምፈርድላቸው እኔ አይደለሁም። ግን ሳይውል ሳያድር ሰብስቢያቸውና ይህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገሪያቸው። እኔን ለማትረፍ ምንም አታሳምሪ። ነጠላውንም ዱቄቱንም አትተይ። ወላታ የሚሏት ሴት ምን እንደነበረች ይወቁ። ከዚያ በኋላ እርስ በርሳቸው ዓይን ለዓይን ይተያዩና የምትፈራው የትኛዋ እንደሆነች ይጠያየቁ። እኛ እሱን አልተጠያየቅንም፤ ፍርሃትን ማውራት ነውር ነበር። እንወጣለን ካሉም በተራ አይሁን። አንዷ ዝም ስትል ሌሎቹ ሁሉ ዝም ለማለት ምክንያት ያገኛሉ። አንድ ቤት ተሰብስበው ይደሩ፣ በአንድ በር ይውጡ። ልጆቻቸውን ግን አስቀድመው ያሽሹ።

ይህን አንብበሽ ለጊዜው ልትጽፊልኝ ባትፈልጊ አልቀየምሽም። እህል ግን አትተዪ፤ ስታዝኚ ምግብ እንደምትዘጊ አውቃለሁ። ደረትሽን ከብርድ ጠብቂ።

አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይሁን። ለእኔ ያላደለኝን ድፍረት ለአንቺና ለሴቶችሽ ይስጣችሁ። በቀረው ዕድሜሽ የእኔ ጥፋት አይከተልሽ።

እናትሽ
ወለተ ገብርኤል

ይህን ጽሑፍ በሁለት ገልብጬዋለሁ። አንዱን የምትቀበይው አንቺ ነሽ። ሌላውን አበበች ማንበብ ስለማትችል በመጪው ሐሙስ ከጎኗ ተቀምጬ ራሴ አነብላታለሁ። እንግዲህ ተቀባዮቹ እህት አመተ ማርያም ደበሳይ፣ ራንቺ፤ እና የኃይለ እናት ወይዘሮ አበበች፣ ሮማ ናቸው።