ቄስ ገብረ ክርስቶስን ባንዳ ያደረገ ፊርማ

ግንቦት 24 ቀን 1979 ዓ.ም.
መሐል ሜዳ

ለታሪካዊ ፊልሞች ዝግጅት ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

የተከበሩ ጓድ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እየጠየቅሁ፣ እኛ የመንዝ ሰዎች ከብርዱ በቀር ደኅና መሆናችንን እገልጻለሁ። አምና በኅዳር ለፊልም ሥራ መጥተው ሁለት ሳምንት ከእኛ ጋር በሰነበቱ ጊዜ የያዘዎት ጉንፋን እንደለቀቀዎትም ተስፋ አደርጋለሁ፤ ያዋስንዎትን ሁለት የበግ ጠጉር ባና እስከ ዛሬ አለመመለስዎ ግን ብርዱ አዲስ አበባ ድረስ ተከትሎዎት እንዳይሆን አስግቶናል።

ስሜ ጎበዜ ወልደ አማኑኤል ይባላል፤ መሐል ሜዳ የታሪክ መምህር ነኝ። ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ፊልምዎ ሲያበቃ ከሹፌሮቹ ስም ዝቅ ብሎ «የታሪክ አማካሪ» ተብሎ የተጻፈው ሰው እኔ ነኝ። ይህንን ደብዳቤ ለእርስዎ በፖስታ ልኬ፣ ሌላውን ቅጂ በትምህርት ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። በእንዲህ ያለ ዘመን ይህ ምን እንደሚያስከትል አላጣሁትም፤ ጥፋቱ በአደባባይ የተፈጸመ ስለሆነ ግን በፖስታ ብቻ ማረም የሚቻል አልመሰለኝም።

በመጀመሪያ ምስጋና ይገባዎታል። የድል በዓል ከሚያዝያ 27 ተዛውሮ በተከበረበት በመጋቢት 28 ቀን ፊልሙን ከነጄኔሬተሩ በመኪና ልከው፣ መስኮቱን በጠራራ ፀሐይ በባና ሸፍነን በቀበሌው አዳራሽ እንድናይ አድርገዋል። ከታዳሚው ብዙው ፊልም ሲያይ የመጀመሪያው ነበርና፣ ያየውን ሁሉ አምኗል። ምስጋናዬን ካቀረብሁ ዘንድ ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር ላስፍር።

አንደኛ፣ በፊልሙ ላይ የጣሊያን ወታደሮች በ1931 ዓ.ም. ክላሽንኮቭ ታጥቀው ይታያሉ። መሣሪያው ያን ጊዜ ገና አልተፈጠረም። ጣሊያን ያንን ይዞ መጥቶ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህንን ደብዳቤ በጣሊያንኛ ነበር የምጽፍልዎት።

ሁለተኛ፣ አርበኞቻችን በኅዳር ውርጭ በስስ ነጠላ ተራራ ለተራራ ይሮጣሉ። አባቶቻችን በርኖስ ይለብሱ ነበር። እርስዎ ከጥይት ያተረፏቸውን ጀግኖች ለብርድ አሳልፈው መስጠትዎ ሽማግሌዎቻችንን አሳዝኗል።

ሦስተኛ፣ ጀግናው ከባላባቱ መሬት የተፈናቀለ ጭሰኛ ነው። መንዝ ሰው ሁሉ የአባቱን ርስት ይዞ ከዘመዱ ጋር በድንበር ሲካሰስ የኖረ አገር ስለሆነ፣ ይህ ጭሰኛ ከየት እንደመጣ ዘር ቆጣሪዎቻችን ሁሉ ተሰብስበው ሊደርሱበት አልቻሉም።

እነዚህን ሦስቱን በቁጥር ያስቀመጥሁት ቀላሎቹ ስለሆኑ ነው። ገና በፊልሙ ጽሑፍ ላይ ሳያቸው ነግሬዎት «ጥቃቅን ነገር» ብለውኝ ነበር፤ እውነትም ጥቃቅን ናቸው። የቀረውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልሁም።

ከመሐል ሜዳ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ የሁለት ሰዓት እግር መንገድ ሄደው ጽድ አምባ ሚካኤልን ያገኛሉ። በጣሊያን ዘመን የዚያ ደብር አገልጋይ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ማርያም ዛሬም እዚያው በሕይወት አሉ። ፊልሙ ከመጀመሩ ዓመት ቀደም ብሎ እኔ ደብተር ይዤ አምስት ቅዳሜ ሙሉ ከእሳቸው ዘንድ ተቀምጬ የነገሩኝን ቃል በቃል ጽፌያለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከደብሩ በላይ የጣሊያን ምሽግ ነበር። ቄስ ገብረ ክርስቶስ የታሰሩ ምእመናንን ላናዝዝ እያሉ ወደዚያ ይመላለሱ ነበር፤ ያዩትንም ለአርበኞች ይልኩ ነበር። በኅዳር ወር 1931 አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ወደ ምሽጉ ሲወጡ በቅሎዎች ሲጫኑና ወታደሩ ሲሰለፍ አዩ። መንገዱ የአርበኞቹ ሚስቶችና ልጆች ወደተደበቁበት ዋሻ እንደሆነ ገባቸው። መልእክተኛ ፈልገው ለመላክ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ወደ ደብሩ ሮጠው ወርደው ያለ ሰዓቱ ደወል ደወሉ። በዋሻው ያሉት ሰምተው በገደሉ በኩል አመለጡ። በማግስቱ ጣሊያኖች ቄሱን ከቤተ ክርስቲያን አውጥተው ወሰዷቸው። አስተርጓሚው ለምን እንደደወሉ ሲጠይቃቸው፣ «ሰዓት ተሳስቶብኝ ነው» አሉ። ከዚያ ሌላ ቃል ሳይወጣቸው ተረሸኑ። አስከሬናቸው አልተሰጠም።

ወይዘሮ አስካለ ማርያም ይህንን ሲነግሩኝ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ እሱ እኮ በዕድሜው ሰዓት ተሳስቶ አያውቅም» ብለውኛል። ይህም በደብተሬ ላይ አለ።

እርስዎ ደብተሩን ተውሰው አነበቡት። ከሳምንት በኋላ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሰጡኝ የፊልም ጽሑፍ ላይ ግን ቄስ ገብረ ክርስቶስ የጣሊያኑን መኮንን እጅ ስመው፣ በመስቀላቸው ወደ ዋሻው ያመለክታሉ። በመጨረሻም ያ ጭሰኛ ይገድላቸዋል። እንደሚያስታውሱት፣ ተቃውሜ ነበር፤ ተቃውሞዬም ይህንን ያህል ነበር።

«ጓድ ኃላፊ፣ ቄሱ እኮ ባንዳ አልነበሩም» አልሁዎት።

«በፊልም ውስጥ ባንዳ የግድ ያስፈልጋል፤ ታዲያ ገበሬውን ላድርገው?» አሉኝ።

«ባለቤታቸው በሕይወት አሉ።»

«ፊልም ያያሉ እንዴ?»

እኔም ሳቅሁ።

ጓድ ኃላፊ፣ ያችን ሳቅ ላስረዳዎት ብዙ ሞክሬ ነበር፤ እንዲሁ ነው የሳቅሁት። ቢያንስ ስማቸውን ይቀይሩት የምትል አንዲት ቃል አፌ ላይ ነበረች። አንድ ስም መሰረዝ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ነገር ግን መኪናዎ ውጭ ሞተሩ ይሠራ ነበር፤ እርስዎም ብዕርዎን ዘርግተውልኝ ነበር። «ታሪካዊ ትክክለኛነቱን አረጋግጫለሁ» ከሚለው ሥር ፈረምሁ። ፈርቼ ነው ብል ሁሉም ሰው ይረዳኝ ነበር። አልፈራሁም። ስሜ በፊልም ላይ እንዲታይ ፈልጌ ነው።

የፊልሙ ቀን ሲደርስ ወይዘሮ አስካለ ማርያም በልጃቸው በይመኙሻል ተደግፈው፣ ቀሚሳቸውን አጥበው ለብሰው መጡ። የባለቤታቸው ታሪክ እንደሚታይ ለመንደሩ ሁሉ ነግረው ነበር። ቀድሜ ሄጄ እንዳይመጡ ማድረግ ስችል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምናልባት አያዩትም እያልሁ ራሴን ሳባብል ቀኑ ደረሰ። ፊት ወንበር ላይ ያስቀመጥኋቸውም እኔ ነኝ።

ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው ደኅና ነበር። መኮንኑ «ቄስ ገብረ ክርስቶስ!» ብሎ ሲጣራ ቀና አሉ። ተዋናዩ እጅ ሲስም አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ።

ወደ እኔ ዞረው «ጎበዜ፣ ይኼ ማን ነው?» አሉኝ።

«ተዋናይ ነው፣ እማማ» አልሁ።

«ታዲያ ለምን በእሱ ስም ይጠሩታል?»

ዓይኔን ወደ ፊልሙ መለስሁ። ጭሰኛው ሲተኩስ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ዞር ብሎ ሲያየኝ እኔም አጨበጨብሁ። ያጨበጨብሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ እሳቸው አጠገቤ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ላስታውቅዎ። ይመኙሻል ሞላሌ ገበያ ላይ የበግ ጠጉር ስትሸጥ «የባንዳ ልጅ» ተብላ፣ ሸክሟን ሳታራግፍ ተመልሳ ሄደች። ቀበሌው የሰማዕታትን ስም ዝርዝር እንደገና ሲያስጽፍ የቄሱን ስም አወጣ። በወሩ ፈተና ላይም ከተማሪዎቼ አንዷ «በመንዝ የታወቀው ባንዳ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ነው» ብላ ጻፈች። ቀዩን ብዕር ይዤ ብዙ ቆየሁ። ስህተት ብዬ ብሰርዘው፣ ትክክል ነው ብሎ የፈረመው የታሪክ አማካሪ እኔው ነኝ። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ቤት ሄድሁ። ጠጉር እየፈተሉ ነበር። ፊርማውን፣ ሳቁን፣ ሁሉን ነገርኋቸው፤ እግራቸው ላይ ወድቄም ይቅርታ ለመንሁ። እንዝርታቸውን አላቆሙም።

«ያኔ ስነግርህ ትጽፍ ነበር። ደብተሩ አለ?» አሉኝ።

«አለ።»

«እንግዲያ እኔን አትለምነኝ። ለሰዉ አንብብለት።»

በሚያዝያ 25 ቀን፣ እሑድ፣ ቅዳሴ ሲያበቃ በጽድ አምባ ሚካኤል ደጀ ሰላም ቆሜ ደብተሬን ከዳር እስከ ዳር አነበብሁ። ፊርማዬንም ጨምሬ ተናገርሁ።  ኋላ አንዱ ከዳር ሆኖ «ይኼ የሚስት ወሬ ነው። ማን አየ?» አለ።

በዚህ ጊዜ አቶ ተክለጻድቅ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። እርስዎም ያውቋቸዋል፤ ጢማቸውን ወደውላቸው ከአርበኞቹ ፊት ባንዲራ አስይዘው ያቆሟቸው ሽማግሌ ናቸው። የደብሩ ጎረቤት፣ በመንደሩ የተከበሩ አስታራቂ ነበሩ።

«እኔ አይቻለሁ» አሉ። «ምሽጉ ላይ ነበርሁ። የጣሊያን ጠመንጃ ይዤ በር እጠብቅ ነበር። ሰዓት ተሳስቶብኝ ነው ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሰዉ ተንሾካሾከ። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

«ባንዳ የምትፈልጉ ከሆነ እኔ ነኝ። እሳቸው አይደሉም።»

«ማን ገደላቸው?» አለ ያው ሰው።

«ተኩሱ ተብለን የታዘዝነው አምስት ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ። የማናችን ጥይት እንዳገኛቸው አላውቅም። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ የሌሎቹ ነው እያልሁ ኖርሁ።»

ወይዘሮ አስካለ ማርያም ተነሡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ይረግሟቸዋል ብለን ጠብቀን ነበር። ፊት ለፊታቸው ሲደርሱ «የት ቀበራችሁት?» ብቻ አሉ።

አቶ ተክለጻድቅ አለቀሱ። «ከምሽጉ ግርጌ። እኔ አሳይዎታለሁ» አሉ።

በማግስቱ ካህናቱና እኛ ሄድን። የፈረሰው ካብ ሥር የቆፈሩት አቶ ተክለጻድቅ ራሳቸው ነበሩ፤ ሌላ ሰው እንዲያግዛቸውም አልፈቀዱም። አጽሙን ከአንዲት የዛገች የእጅ መስቀል ጋር አገኘነው። ወይዘሮ አስካለ ማርያም መስቀሏን በጣታቸው ዳስሰው የተሰበረ ጫፏን ሲያገኙ «እሱ ነው» አሉ። በግንቦት 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ ፍትሐት ተደርጎ በደብሩ ቅጥር ግቢ ዐረፉ።

ነገሩ ሁሉ በደስታ ተፈጸመ ብዬ ብጽፍልዎ ግን እንደ ፊልምዎ ይሆንብኛል። አቶ ተክለጻድቅን ዛሬ ሰላም የሚላቸው ጥቂት ነው፤ ልጆቻቸው እኔን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። ሽማግሌው በአደባባይ የተናገሩትን ያናገራቸው የእኔ ውሸት ነው፤ ውሸቱን ባልፈርም ኖሮ ምስጢራቸውን ለንስሐ አባታቸው ነግረው በሰላም ይሞቱ ነበር ይሆናል። ያም ሆኖ እርስዎም እኔም ሁለታችን ተደምረን የእሳቸውን ያህል አልደፈርንም። ወይዘሮ አስካለ ማርያምም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የእግዜር ሰላምታቸውን አይነፍጉኝም፤ «ልጄ» ማለት ግን ትተዋል። «መምህር» ነው የሚሉኝ።

ስለዚህ አንዲት ትሑት ልመና ብቻ አለችኝ። ክላሽንኮቩንም ነጠላውንም ጭሰኛውንም ይተዉዋቸው፤ ለምደናቸዋል። ፊልሙ ወደ ሌሎች አውራጃዎች ከመሄዱ በፊት ግን የቄስ ገብረ ክርስቶስን ስም ያውጡልን። ባንዳው ያለ ስም አይሆንም ከተባለም «ጎበዜ» ይባል። ለዚህ ስም ታሪካዊ ትክክለኛነት ያለ አንዳች ማመንታት እፈርማለሁ።

ለአገራችን ታሪክ ያሳዩት ጥንቃቄ በራስዎ የሕይወት ታሪክ ላይ እንዲደርስ ከልብ የምመኝልዎ፣ የሥራ ባልደረባዎና የጥፋት ተካፋይዎ፣

ጎበዜ ወልደ አማኑኤል
የታሪክ መምህር

ግልባጭ፦
— ለጽድ አምባ ሚካኤል ሰበካ ጉባኤ
— ለወይዘሮ አስካለ ማርያም፣ በልጃቸው በይመኙሻል በኩል እንዲነበብላቸው

ማስታወሻ፦ የሚቀጥለው ፊልምዎ በ1977ቱ ድርቅ ለግሼ ሕዝብ ስለደረሰው ፈጣን እርዳታ እንደሆነ ሰማሁ። ያን ጊዜ እዚያ የነበርን ብዙዎቻችን ገና በሕይወት ስለምንገኝ፣ ሥራው እንዳይከብድዎ እስክናልቅ ጥቂት ዓመታት ቢታገሡን መልካም ነው።