ፍየሉ ተገኝቷል፤ አባ ግን ሄደዋል

ለክቡር ባ ካፓምብዌ
የካሶንሶ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ጸሎት ምእመናን ጉባኤ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጸና፣ ዕድሜዎም እንደ ንግግርዎ የረዘመ ይሁን። ባለፈው እሑድ ፍየሉን ሲይዙ የተላጠው ጉልበትዎ እንደዳነ፣ የጠፋው አንድ እግር ጫማዎም ከካሳቫው ማሳ እንደተገኘ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የመዘምራን መሪው ንጎሳ ደህና ነኝ፤ ከእሑድ ወዲህ ደህና መሆኔ ራሱ እያሳፈረኝ ነው እንጂ።

ይህን በአደባባይ የምጽፈው በጓዳ ልነግርዎ በመጣሁ ቁጥር «ሊቀ መንበሩ የሚቀጥለውን አቀባበል እያሰቡ ነው» እየተባልኩ ስለተመለስኩ ነው። ሐሳብዎን ላለማቋረጥ ስል ቃሌን በቤተ ጸሎታችን በር ላይ ልለጥፈው መረጥኩ፤ እዚያ ሲገቡ አንዱን ዐይንዎን ጣል ቢያደርጉበት ይበቃኛል።

አባ ሎምቤ ከቻምቤሺ ወንዝ ማዶ ካለው ቁምስና ወደ እኛ የሚመጡት በሦስት ወር አንዴ እንደሆነ፣ መሻገሪያው ጀልባም ፀሐይ ስትጠልቅ እንደሚታሰር እርስዎም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ፤ ዳዴ የሚል ሕፃንም ያውቃል። እሑድ ዕለት ግን ሁላችንም የማናውቅ መስለን ዋልን። ለዚህ ታላቅ ትብብር ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ አቀባበሉ አመሰግንዎታለሁ። አባ ገና አንድ እግራቸው ውሃ ውስጥ ሳለ «የታመመ ሰው አለ?» ብለው ሲጠይቁ፣ እርስዎ «አለ አባ፤ መርሐ ግብሩ ላይ ተይዟል» ብለው አረጋጓቸው። በእርግጥም ተይዞ ነበር፤ ከወጣቶች ድራማ በኋላ፣ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ከሚለው በፊት። ከዚያ አንዱ ጎልማሳ የአባን ቦርሳ ከእጃቸው ነጠቀ፤ በእኛ አገር እንግዳ ቦርሳውን ተሸክሞ አይሄድምና። እናቶችም ሁለት እርምጃ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ እየጨፈሩ መንገዱን ያዙ። ከጭፈራው ቀድሞ የሚራመድ እንግዳ እንደሸሸ ስለሚቆጠር፣ አባ እንደ ሙሽራ እየተጎተቱ ቤተ ጸሎቱ ስንደርስ ጤዛው ደርቆ አልቆ ነበር። ዜማውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መዝሙሩ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀመርኩትም እኔው ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ ድምፄ እንደዚያን ዕለት አምሮ አያውቅም።

ሁለተኛ፤ ስለ ንግግሮቹ። ያልመጡትን ጳጳስ፣ የመጡትን የመንደር ሹም፣ በሞት የተለዩትን የሹሙን አባት፣ ቀጥሎም የአባታቸውን ወንድሞች ሁሉ በየስማቸው ሰላም ሲሉ ከኋላዬ የተቀመጡት እማማ ቺሻላ «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ሙታንን ሁሉ ሳያዳርስ አይቀመጥም» አሉ።

«ተዉ እንጂ እማማ፣ ይሰማሉ» ብላቸው «ይስሙኛ! በዚህ አያያዙማ ታማሚዋንም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ያገኛታል» አሉኝ።

እኔም ሳቅሁ። ክቡር ሆይ፣ ሳቁ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሯል።

እዚህ ላይ ተራውን ላቋርጥና፣ በሥራ ብዛት ያላዩትን፣ በዚያው ሰዓት በመንደሩ ጫፍ የሆነውን ልንገርዎ። ሐኪም ቤት «ከእንግዲህ ቤትዎ ይረፉ» ብሎ የመለሳቸው ባና ካሉንጋ ገና በማለዳ ገላቸውን ታጥበው፣ የእናቶች ማኅበር ሰማያዊ ሸሚዛቸውን ለብሰው ግድግዳ ተደግፈዋል። ሸሚዙ ስለሰፋቸው የእናትነት ስማቸውን ያገኙባት ልጃቸው ካሉንጋ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ አጥብባዋለች። ከፊታቸው ትንሽ ጠረጴዛ፣ በላዩ ነጭ ጨርቅ፣ መስቀል፣ ሻማና ውሃ አለ። ካሉንጋ ገንፎ ብታቀርብላቸው «ጌታዬን ልቀበል አይደል? አፌን ምግብ አላስነካም» አሉ። መዝሙራችን ከሩቅ በተሰማቸው ቁጥር ደግሞ «መጡ፣ መጡ፣ በሩን ክፈችው» ይሉ ነበር። እንግዲህ እኔ አዲስ ዜማ ባወጣሁ ቁጥር ያ በር ይከፈት ነበር ማለት ነው። ይህን የነገረችኝ ካሉንጋ ናት። ሳትቆጣ መንገሯ ነው የባሰው።

ሦስተኛ፤ ስለ ማዕዱ። ከበቆሎ ዱቄት የተገነፋው ንሺማ፣ ዶሮው፣ ዓሣው፣ ማንም ጠግቦ የማይጨርሰው የተጠበሰ አባ ጨጓሬ ሁሉ ግሩም ነበር። ፀሐይ ዘንበል ስትል ካሉንጋ በሩ ላይ ቆማ «ባ ካፓምብዌ፣ እናቴ ደከመች፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» ብትልዎ፣ እርስዎ በአባትነት ወግ «የኔ ልጅ፣ እንግዳ ከማዕድ ይነሳል እንዴ? በማን አገር ያየሽውን ነው?» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። በልጅነቷ መዝሙር ያስተማርኳት እኔ ነኝና አንድ ቃል እንድናገርላት ነበር። እኔ ደግሞ አፌ በዶሮ ሞልቶ ስለነበር መዳፌን ከፍ አድርጌ «ቆይ» አልኳት። ክቡርነትዎ ቢያንስ በቃል መለሱላት።

አራተኛና ዋነኛው፤ ስለ ፍየሉ። በመባው ሰዓት በእልልታ አስገብተን ለአባ የሰጠናቸው፣ ከዚያም ማንጎው ሥር ያሰርነው ያ የተከበረ ፍየል፣ አባ «በሉ አሁን ታማሚዋ ጋ ውሰዱኝ» ብለው ከመቀመጫቸው ሲነሱ ገመዱን በጥሶ ማሳው ውስጥ ገባ። አባ «ተዉት፣ ይሂድ» አሉ። እርስዎ ግን «አይሆንም! አባን ባዶ እጃቸውን ሸኟቸው ብለው ማዶ ያሉት መሳቂያ ሊያደርጉን ነው?» ሲሉ የጉባኤው አባላት፣ መዘምራኑ፣ ወንዱም ሴቱም ተከተልንዎ። እግዚአብሔርን ፍለጋ እንዲያ ሮጠን አናውቅም። ወደ ባና ካሉንጋ ቤት መንገድ የሚያሳይ አንድ ሰው እንኳ ከአባ ጋር አልቀረም ነበር።

ፍየሉ ተያዘ፤ እልል ተባለ። አባ «ቦርሳዬን ስጡኝ፤ የሕሙማኑ ዘይት እዚያ ውስጥ ነው» ቢሉ፣ ቦርሳው በክብር ተይዞ ቀድሞ ጀልባው ላይ ተጭኗል። ጀልባው ዘንድ ስንደርስ ቀዛፊው «ኧረ ጀምበሯ ገባች! አሁን ካልተነሳን አላሻግርም!» እያለ ይጮሃል። አባ በማግሥቱ ማለዳ ማዶ ቀብር ስለነበረባቸው፣ ጀልባው ላይ ከፍየሉ አጠገብ ቆመው እጃቸውን ወደ መንደሩ ጫፍ ዘርግተው ባረኩና ሄዱ። ፍየሉ ወደ እኛ፣ አባ ወደዚያ በር ይመለከቱ ነበር። እኛ ደግሞ የመሸኛውን መዝሙር ዘመርን። ባና ካሉንጋም ሰምተው ለዚያ ቀን ለመጨረሻ ጊዜ «በሩን» አሉ።

አሁን እውነተኛ ጉዳዬን ላቅርብ። ሰኞ ዕለት በተቀመጠው ጉባኤ፣ አባ ለባና ካሉንጋ ሲባል ተመልሰው እንዲመጡ ይጠሩ የሚል ሐሳብ ቢነሳ፣ በጥበብዎ «ይጠሩ እንጂ፤ ግን በባዶ ቤት አንጠራቸውም፤ መጀመሪያ ኦቾሎኒው ደርሶ ይሰብሰብ፣ አዲስ ፍየልም ይፈለግ» ብለው ወሰኑ። ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ምን እንደነካው አላውቅም። ክቡር ሆይ፣ ባና ካሉንጋ ኦቾሎኒውን አይጠብቁትም። ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ፣ አባ ያለ ጭፈራ፣ ያለ ንግግር፣ ያለ ዶሮ፣ በተለይም ያለ እኔ፣ ነገውኑ ይጠሩ ዘንድ ነው። ስማችን ይጥፋ፤ ማዶ ያሉት ይሳቁብን። እኛ ያፈርንበት ነገር ከዚያ ይከፋል።

የመሪነት በትርዎ አይሰበር፤ የሚያጨበጭብልዎ እጅም አይጥፋ፤ ከሚያጨበጭቡት የአንዱ ሕሊና ግን አንዳንዴ እንቅልፍ ቢነሳው ይቅር ይበሉት።

በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ፣
እንግዳን በማቆየት ከእርስዎ ቀጥሎ የምገኘው
ላዛሮ ንጎሳ

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ ይህን ደብዳቤ ረቡዕ ልለጥፈው ስል ካሉንጋ ከለከለችኝ። «አሁን ከለጠፉት ሊቀ መንበሩ ያነቡና ሰው ያሰልፋሉ። አባ ነገ ከወንዙ በማሳው በኩል በእግራቸው ይመጣሉ፤ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። እባክዎ ባ ንጎሳ፣ እርስዎም አፍዎን ይያዙልኝ» አለችኝ። አፌን ያዝኩ፤ ስለዚህም ይህ የተለጠፈው ዛሬ ዓርብ ነው። አባ ትናንት ዘይታቸውን ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ይዘው መጡ፤ ባና ካሉንጋ ተቀቡ፤ ቆረቡ፤ ከዚያም ገንፎ ቀመሱ። ማንም አልዘመረም። እኔም የመዘምራኑን ከበሮ ዕቃ ቤት ቆልፌበት ቁልፉን ለካሉንጋ በጎረቤት እጅ ልኬላት ነበር፤ ራሴን አላምንምና። ከበሮው ለመጪው እሑድ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ሄደው እርስዎ ይጠይቋት። እኔ ደጃፏ ድረስ ሄጄ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፤ መግባት አቃተኝ።