ውሃ ተዘግቶ የተፈረመ እርካታ

ይድረስ ለተከበሩ የኪራይ ቤቶች ጥገና ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤተሰብዎ ደኅና፣ የቢሮዎም ኮርኒስ ደረቅ ሆኖ ይሰንብት እላለሁ። እኔ በሦስተኛው ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለው ቤት የምኖር ጡረተኛ ነኝ፤ ከወገቤና ከወጥ ቤቴ ግድግዳ በስተቀር ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ስልሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ እዚህም እዚያም መስመር ብለቅ ይቅር ይበሉኝ፤ ክፍልዎ ከዘረጋልኝ ቧንቧ ግን መስመሬ ሳይሻል አይቀርም።

አራት ወር ሙሉ ከተመላለስኩ በኋላ ባለፈው ሳምንት የቧንቧ ሠራተኛ ስለላኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰውየው ትሑት ነው፤ ገና ከበሩ ሲገባ “እማማ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ፣ ይቺ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት” አለኝ፤ እውነትም አምስት ደቂቃ አልሞላውም። እንዲህ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? ያም ሆኖ ጥቂት ቅሬታዎች ስላሉኝ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሠራተኛዎ የሕንጻውን ውሃ ከታች ከዘጋ በኋላ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የሚያፈሰውን መገጣጠሚያ ያሰረው ከእኔው ጓዳ ባገኘው ፌስታል ነው። በቀጭኑ ቀደደው፣ ጠቀለለው፣ በላዩም ሲሚንቶ ለጠፈበት። ያረጀውን ላስቲክ ለምን እንደማይቀይረው ብጠይቀው “ላስቲክ ከመጋዘን የሚወጣው በደብዳቤ ነው፤ ፌስታል ግን ይኸው እጃችን ላይ አለ” ብሎ አስረዳኝ። ያ ፌስታል ሽንኩርት ገዝቼ የመጣሁበት ነበር፤ እዚህ ማዕረግ ይደርሳል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ፤ ስለ ሹመቱ በእሱ ስም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ ውሃው ገና ተዘግቶ ሳለ ወደ ግድግዳው እያመለከተ “ይኸው፣ ጠብ አይልም” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ውሃ የሌለበት ቧንቧ ሲያፈስ እኔም አይቼ አላውቅም። ወዲያው የሥራ ማስረከቢያ ወረቀት አወጣና ሽበቴን አየት አድርጎ፣ ብዕር በማቀበል ፈንታ የጣት ቀለም ከፈተልኝ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ነው። መጻፍ እችላለሁ ልለው አፌን ስከፍት አውራ ጣቴ ቀድማኝ ተዘረጋች፤ ዕድሜ ልኳን የለመደችው ነውና ብዙም አልፈረድኩባትም። እሱ ውሃውን ሊለቅ ሲወርድ ቁጭ ብዬ ቅጂውን አነበብኩ። “ጥገናው ውሃ ተለቆ በፊቴ ተፈትሿል፤ አያፈስም፤ ሙሉ በሙሉ ረክቻለሁ” ይላል። ንባቤ ቀስ ያለ ስለሆነ “ረክቻለሁ” ላይ ስደርስ እግሬ ርሷል። ከደረጃው አናት ላይ ሆኜ ብጣራ ሰውየው የለም።

ሦስተኛዋ ቅሬታዬ ግን ለቀልድ አትመችም። ከእኔ በታች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እትዬ ስትለኝ የኖረች ልብስ ሰፊ አለች። ውሃው በኮርኒሷ ሰርጎ ለሙሽራ በምትሰፋው ነጭ ቀሚስ ላይ የዝገት ቀለም ጣለበት። ልታመለክት ወደ ክፍልዎ ብትመጣ፣ ጸሐፊዎ የእኔን አውራ ጣት አውጥታ “የላይኛዋ እማማ ረክቻለሁ ብለው ፈርመዋል፤ አሁን የሚያፈስ ከሆነ እሳቸው ናቸው ያበላሹት” አለቻት። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቴ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ትናንት ብቻ ቆም ብላ “ምናለ እትዬ፣ እንደሚያፈስ እያወቁ ባይፈርሙ ኖሮ?” አለችኝ። ቀሚሱ ታጥቦ ይነጻ ይሆናል፤ ዋሽታ የፈረመች አሮጊት መባሌ በምን እንደሚታጠብ ግን አላውቅም።

ስለሆነም፣ ሠራተኛዎ ላስቲክ ይዞ ተመልሶ ውሃው ተለቆ እያለ እንዲፈትሽልኝ፣ ያ ወረቀት እንዲሰረዝ፣ ለልብስ ሰፊዋም የፈረምኩት ውሃ ተዘግቶ ሳለ መሆኑን ክፍልዎ በማኅተም እንዲጽፍላት በትሕትና እለምናለሁ። ሥራ በዝቶብዎ አንዱን ብቻ የሚችሉ ከሆነ የመጨረሻውን ያስቀድሙልኝ፤ እኔ ባልዲ አለኝ።

ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ምንጣፍዎም እንዳይርስ እየተመኘሁ፣ ወለሉ ቢያንሸራትተኝም ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የሦስተኛ ፎቅ ተከራይዎ
(በብዕር የተፈረመ)

ሳልረሳው፦ የጎልማሶች ትምህርት መምህራችን ለንባብ ልምምድ የሚሆን ወረቀት ከየቤታችን እንድናመጣ አዝዛን ነበር። አብረውኝ የሚማሩት ሴቶችም፣ ሁሉም የእርስዎ ተከራዮች ናቸውና፣ እንደ እኔ ጣታቸውን ያሳረፉበትን ወረቀት ይዘው መጡ። አሥራ አንዳችንም፣ በአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ፣ ሙሉ በሙሉ ረክተናል፤ ከመካከላችን አንዷማ ጣቷን ያሳረፈችው እዚያው ቢሮዎ ነው፤ ቤቷን ሠራተኛዎ እስከ ዛሬ አልረገጠውም። ሰኞ ጠዋት ወረቀቶቻችንን ቢሮዎ በር ላይ ተሰልፈን እናነባለን፤ ልብስ ሰፊዋንም ጋብዣት እመጣለሁ ብላለች። ጀማሪዎች ስለሆንን በልባችን ማንበብ ገና አልተማርንም፤ ድምፃችን ቢበዛብዎ አይቀየሙን።