ሰልፉ ላይ የጮህኩት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2012

ጮህኩ። ሌላ ምን ብዬ ልጀምረው። «ይቺ ሴትዮ ኮሮና አለባት!» ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮህኩ።

ጠዋት ከቤት ስወጣ ኪሴ የነበረው ወረቀት ይሄ ነው፦

ዘይት፣ ሦስት ሊትር (ሸማቾች)
ሽንኩርት
ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ፣ ከተገኘ
ሳሙና ሁለት
በርበሬ ከወፍጮ ቤት፣ ተፈጭቶ ካለቀ
ሰው አለመጨበጥ

የመጨረሻዋን ለራሴ ነው የጻፍኳት። ባለፈው ሳምንት ሁለቴ ረስቼ ጨብጫለሁ።

ሸማቾች በር ላይ መሬቱ ላይ በኖራ ክብ አስምረዋል፣ አንድ ሰው በአንድ ክብ። ዘበኛው ደረት ኪሴ ላይ እስክሪብቶ አየና «አቶ ደምሴ፣ አንተ የንብረት ክፍል ሰው ነህ፣ ስም መዝግብልን» አለኝ። የምሠራበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ መዝግብ ያለኝ ሰው የለም። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። ራቅ በሉ፣ ማስክህን ከፍ አድርግ፣ አንቺ ክቡ ውስጥ ግቢ እያልኩ። አሁን ሳስበው ትንሽ ሳይበዛብኝ አልቀረም።

አስራ ሰባተኛዋ ዘይነባ ነኝ አለች። ቢጫ ጀሪካን ይዛለች፣ ሻሿን አፏ ላይ ጠምጥማለች። አላውቃትም። አርባ ምናምን ላይ ስደርስ ሳል ጀመራት። አንዴ ሁለቴ አይደለም። ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ እስክትል፣ ዓይኗ እስኪያነባ። የታየኝ ሜሮን ናት፣ ልጄ። አስም አለባት። ይሄ ነገር ቤቴ ከገባ መጀመሪያ የሚወስደው እሷን ነው እያልኩ ስንት ቀን ቆይቻለሁ። ጮህኩ።

ሰልፉ ተበተነ። ሴትዮዋ ልትናገር እጇን አነሳች፣ መልሶ ሳል ያዛት። አንዱ «ከደሎ መና ትናንት የገባች ናት» አለ፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ። ሌላው ጀሪካኗን በዱላ ገፋው። ሄደች። እየሮጠች አይደለም፣ ቀስ ብላ። ሰልፉ ሲመለስ እኔ አስራ ሰባት ላይ መስመር አሰመርኩና አስራ ስምንትን ጠራሁ።

ዘይቱን ይዤ ገባሁ። ስነግራቸው ባለቤቴ አልማዝ እጄን እንድታጠብ ሳሙና አቀበለችኝ። ሜሮን ግን «ትኩሳት ነበራት?» አለች። በምን አውቃለሁ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ትናንት የነካኋቸው ነገሮች፦ እስክሪብቶው። ወረቀቱ። የሸማቾች በር እጀታ። የዘይት ጀሪካን። የመጣሁበት ጋሪ እንጨት። ሁሉንም በአልኮል ጠርጌያለሁ፣ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ።

ጠዋት አንድ የባጃጅ ሾፌር መንገድ ላይ አቆመና «አቶ ደምሴ ባይኖር ሮቤ ከተማ አልቆላት ነበር» አለ። አብረውት የነበሩት ሳቁ፣ አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። ደስ አለኝ። ይሄን ደብተር ማንም አያየው፣ እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። ሻይ ቤት ተከፍቶ ቢሆን ገብቼ ደግሜ አወራው ነበር።

ከዚያ ወፍጮ ቤት ሄድኩ፣ በርበሬውን ላመጣ። ወትሮ አልማዝ ናት የምትሄደው። አሁን ግን ከቤት የምወጣው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ሕግ አውጥቻለሁ።

በሩን ገና አንድ እርምጃ አልፌ ሳል ያዘኝ። ድርብ ማስክ አድርጌ። ጎንበስ አልኩ፣ ጉልበቴን ያዝኩ፣ እንባዬ ወረደ። ባለቤቱ ኦቦ ከድር ከውስጥ ሆነው እየሳቁ «አካም ጅርታ፣ እንዴት ነህ፣ አይዞህ፣ የኛ ኮሮና ይሄ ነው፣ እዚህ የማያስል የለም» አሉኝ።

እኔም እየሳቅኩ ነበር። ከዚያ የሚነፋልኝ ሰው የለም አሉ።

የነገሩኝን እንዳለ ልጻፈው። በርበሬ የምትነፋላቸው ሴት አስራ አንድ ዓመት አብራቸው ሠርታለች። ትናንት ዘይት ልቀበል ብላ አስፈቅዳ ወጣች። ተራው እንዳያልፋት ልብሷን እንኳ ሳታራግፍ ነው የሄደችው። ፆመኛ ናት፣ ጉሮሮዋን ሲያቃጥላት ውሃ አትጎነጭም። ሰልፉ ላይ አንድ ማስክ ያደረገ ሰውዬ ኮሮና ናት ብሎ አስባረራት። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ እየመጡ ዛላ በርበሬያቸውን ሳይፈጭ ወሰዱ። እሷ የነካችውን አንበላም አሉ። ኦቦ ከድርም ወሬው እስኪበርድ ቤትሽ ተቀመጪ አሏት። ሳምንት ከቆየና ደንበኛ ካልተመለሰ ግን ሌላ ሰው መፈለጌ ነው አሉኝ፣ እያዘኑ።

«አንተ ሰልፉ ላይ አልነበርክም?» አሉኝ።

ዘግይቼ ነው የደረስኩት አልኳቸው።

ማስኩ አዳነኝ። ፊቴን ቢያዩት ያውቁ ነበር።

የኛን ከረጢት አሳዩኝ። ግማሹ ተነፍቷል፣ ግማሹ ወንፊቱ ላይ ቀርቷል። «ያንተን ቤት እየነፋች ነው የተነሳችው» አሉ።

ሳልወስደው መጣሁ። ለአልማዝ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል አልኳት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 21

አልወጣሁም። ዝናብ ነው ብዬ።

ለምን ዝም ማለት እንዳለብኝ ጻፍኩ፦

አንድ፣ ማወቅ አልችልም ነበር።
ሁለት፣ ማንም አባት እንደኔ ያደርግ ነበር።
ሦስት፣ እኔ ጮህኩ እንጂ ጀሪካኑን አልገፋሁም።
አራት፣ ወሬ ራሱ ይበርዳል።
አምስት፣ አሁን ብናገር ወሬውን እንደገና መቀስቀስ ነው።

አምስተኛዋ ጥሩ መስላኝ ነበር። ደግሜ ሳነባት አፈርኩ።

ምሳ ላይ አልማዝ «አንዲት የወፍጮ ቤት ሴት ከሰልፍ አባረሩ ይላሉ፣ የኛዋ ዘይነባ እንዳትሆን ብቻ» አለች። ምን የኛ ትያታለሽ አልኳት። እንጀራውን አስቀምጣ አየችኝ። ስሟን ሰኞ አልነገርኳትም ነበር። አሁን ከፊቴ አነበበችው።

«በርበሬያችንን ለምን እዚያ እንደማስነፋ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም። ብዙ ሰው አስፈጭቶ ቤቱ ነው የሚነፋው። የኛን ግን ሜሮን ብናኙን እንዳትስብ ዘይነባ ራሷ «ልጅቷ ደረቷ ይታመማል፣ እዚሁ እኔ ልንፋው» ብላ ነው የተቀበለችው። አራት ዓመት ሆነ። አልማዝ ይሄን ብላ ተነሳች፣ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሜሮን ሰምታለች። ወደ ክፍሏ ስትገባ በሩ ላይ ቆም ብላ «አባዬ፣ እኔ ሰልፍ ላይ ባስልስ?» አለችኝ።

አምስቱንም ምክንያት ሰረዝኩ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22

ሄድኩ። ቤቷን አልማዝ ነገረችኝ። ወደ ጎባ መውጫው በኩል ነው፣ የቆርቆሮ አጥር። ለፆም መፍቻ ይሆናታል ብዬ ተምር ገዛሁ። ሰው እንዳያየኝ በጓሮው በኩል ዞርኩ። ይሄንንም ልጻፈው፣ ሆን ብዬ ነው የዞርኩት።

አጥሩ ጋ ቆሜ ጠራኋት። ወጣች፣ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ፣ ከኔ ቀድማ እሷ ራቅ ብላ ቆመች። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ታውቂኛለሽ ወይ አልኳት። ድምፅዎን አውቀዋለሁ አለች። እርስዎ አለችኝ። እኔ አንቺ እያልኳት ነበር።

ይቅርታ አልኩ። ልጄ አስም ስላለባት ነው አልኩ። ሜሮን እንዴት ናት አለችኝ። ደህና ናት አልኩ። ምን ልበል ሌላ። ተምሩን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩ። አየችው፣ አላነሳችውም።

«አቶ ደምሴ፣ ሰልፉ ላይ ጮኸው ተናግረው፣ በጓሮ በሹክሹክታ ይቅርታ ይላሉ?» አለችኝ። «የተባረርኩት በጓሮ አይደለም፣ ከሰው ፊት ነው። ሰው ፊት ይበሉት።»

እሺ አልኩ። ወዲያው ግን ቅዳሜ ሸማቾች ጋ ስኳር አለ፣ ሰው ይበዛል፣ ሌላ ቀን ቢሆን አልኩ። ስኳር ካለ ሁሉም ይመጣል አለች፣ ያ ጥሩ ነው። ተምሩን ይዤ እንድመለስ በእጇ አሳየችኝ። በራሷ ላብ ባገኘችው ገንዘብ ትገዛለች፣ ይሄን እንኳ አላለችም፣ እኔ ነኝ የገባኝ።

ስመለስ በዋናው መንገድ ነው የመጣሁት። ምንም አልሆንኩም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 23

የምለውን መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው አንድ ገጽ ወጣው። የሜሮን አስም፣ የዜናው ብዛት፣ የመንግሥት መመሪያ፣ የኔ ጭንቀት። ለአልማዝ አነበብኩላት። «እሷስ የት አለች እዚህ ውስጥ?» አለችኝ። እውነትም ስሟ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛው ግማሽ ገጽ። ሦስተኛው አራት መስመር። አራተኛውን ሜሮን አየችና «ነገር ግን» የምትለውን ሰረዘችብኝ።

ዘበኛው ጋ ሄጄ ጀሪካኗን አመጣሁ። ከሰኞ ጀምሮ ከሸማቾች አጥር ውጭ ወድቆ ነበር፣ ማንም አልነካውም። ቢጫ ጀሪካን ያውም ክዳን ያለው፣ በሮቤ አምስት ቀን መንገድ ዳር ሲያድር ሌባ እንኳ ፈራው። በሳሙና አጠብኩት። ደግሜ ላጥበው ስል አልማዝ ከእጄ ወሰደችው። የኛን ዘይት በሙሉ እሱ ውስጥ ገለበጠች። ጠብታው እስኪያልቅ ደፍታ ያዘችው። «እኛስ?» አላልኩም።

ትኩሳት ለካሁ፣ የለኝም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24

የፈራኋቸው፦ ሰው ይስቃል። ኦቦ ከድር ይኖራሉ። እሷ አትመጣም። እሷ ትመጣለች።

አራቱም ሆነ።

ዝናቡ ኖራውን አጥቦታል፣ ክብ የሚባል የለም። ሰው ተጠጋግቶ ነው የቆመው። ዘበኛው ሲያየኝ ወረቀት ሰጠኝ፣ እንደ ሰኞው። ከዘበኛው ጋር ሆነን ለየሰዉ አንድ አንድ ድንጋይ አስቀመጥን፣ ስም መዘገብኩ። እሷ ከመንገዱ ማዶ የኤሌክትሪክ ምሰሶው ጋ ቆማለች። ልጠራት ስለነበር አንደኛ ላይ የጻፍኩት የሷን ስም ነው። ክብር መስሎኝ።

ከዚያ ደረጃው ላይ ወጣሁ። ያረቀቅኩት ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር፣ አላወጣሁትም። ማስኬን አላወረድኩም፣ ስለዚህ መጮህ ነበረብኝ። ልክ እንደ ሰኞው ጮህኩ። ስሜን ከነአባቴ ተናገርኩ። ሰኞ ዕለት ዘይነባን ኮሮና አለባት ብዬ ያስባረርኳት እኔ ነኝ አልኩ። ሳሏ የበርበሬ ነው፣ የኔን ቤት በርበሬ ስትነፋ ነው የያዛት አልኩ። ሳላውቅ፣ ሳልጠይቅ ስሟን አጠፋሁ፣ ይቅርታ እጠይቃታለሁ አልኩ።

ከዚያ አንዱ «ዘይቱን ከወሰድክ በኋላ ነው ትዝ ያለህ?» አለ፣ ሳቁ። ያው የባጃጁ ልጅ ነው፣ ማክሰኞ ያመሰገነኝ። እውነቱን ነው። ጀሪካኑን አንስቼ አሳየሁ፣ ያ ደግሞ ይባስ አሳቃቸው። ኦቦ ከድር አልሳቁም። ሰልፉ መሀል ቆመው ያዩኛል። «ዘግይቼ ነው የደረስኩት» ያልኩትን ያስታውሳሉ። ማስክ ከዚያ በላይ አይሸፍንም።

«አንደኛ፣ ዘይነባ» ብዬ ጠራሁ።

መንገዱን ተሻግራ መጣች። ወደ ፊት አልመጣችም፣ ከሰልፉ ጎን ቆመች።

«አስራ ሰባተኛ ነበርኩ» አለች። «አስራ ሰባተኛ ይጻፉኝ።»

የመጀመሪያውን ስሟን ሰረዝኩ። አስራ ሰባት ላይ የተጻፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ እሳቸውን ወደ አስራ ስምንት፣ ሌላውን ወደ አስራ ዘጠኝ፣ እንዲህ እያልኩ ወረቀቱን እንደገና ገለበጥኩ። ጊዜ ወሰደ። ሰው አጉረመረመ፣ ግን ጠበቀ። እሷ የሽማግሌው ድንጋይ ጋ ስትደርስ ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። እሷ አየቻቸው። እኔም አየኋቸው። ከዚያ በራሳቸው ድንጋይ ልክ መጥተው ቆሙ። «ያ ረቢ፣ በርበሬሽ እዚህ ድረስ ይሸታል» አሏት። ፈገግ አለች መሰለኝ፣ ሻሹ ከለከለኝ።

ተራዋ ሲደርስ «አስራ ሰባት፣ ዘይነባ» አልኩ። ስኳሯን ተቀበለች። ጀሪካኑን ከእግሬ ሥር አነሳች፣ መዘነችው፣ ዘይቱ የማን ነው አላለችም። አፉ ብያለሁ እንድትል ጠበቅኩ። አላለችም። እንድትልልኝም አልጠየቅኳትም፣ ያን ያህል እንኳ ተምሬያለሁ።

ሁለት ሴቶች ኦቦ ከድርን ወፍጮው መቼ ነው የሚሠራው ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። ሁለት ብቻ ናቸው። ሌሎቹን አላውቅም። ኦቦ ከድር ሰኞ አሉ፣ ወደ እሷ እያዩ። እሷም ራሷን ነቀነቀች።

ስታልፈኝ ግን እንዲህ አለችኝ፣ «በርበሬዎ ግማሽ ነው የተነፋው። አልማዝን አይላኩ፣ ራስዎ ይምጡ።»

ሰኞ፦
በርበሬ። ራሴ።
ውስጥ ገብቼ እስክትጨርስ መቆም።