የአማቴ ሻሽና ቃሪያ የነካው እጄ

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እማዬስ ያን ጥርሷን ተነቀለች ወይስ አሁንም «ነገ፣ ነገ» እያለች ነው? እኛ እዚህ ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው የሚያስቸግረን። ባለፈው ደብዳቤሽ «ለመሆኑ አማትሽ ጭልፋውን ሰጡሽ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ተደላድለሽ ተቀመጪና ስሚኝ።

ከተጋባን ጀምሮ ማዕድ ቤቱ የአማቴ ግዛት እንደሆነ ታውቂያለሽ። የእኔ ድርሻ ሽንኩርት መላጥና ድስት ማጠብ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «እሳቷ» ነው የሚላቸው፤ ቃሪያ እንደ ካሮት ይበላሉ። እኔን ደግሞ ታውቂኝ የለ፣ በርበሬ ገና ስሙ ሲጠራ አፍንጫዬ ይረጥባል። በመጀመሪያው ሳምንት በእማዬ አሠራር ያለ በርበሬ ምስር ብሠራላቸው፣ አንዴ ቀመሱና «ማን ታመመ? ይሄማ የበሽተኛ ምግብ ነው» ብለው ጭልፋውን ከእጄ ወሰዱ። በቃ፣ ስምንት ወር ሙሉ አልነካሁትም። ባሌ እንደሆነ የእናቱና የእኔ ነገር ሲነሳ ጆሮው አይሰማም።

የዛሬ ሦስት ወር ግድም አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሳህን ቃሪያ አስከተፉኝ። እጄን በሳሙና ሁለቴ ታጥቤ አረፍ ከማለቴ «ራሴን ወግቶኛል፤ እስቲ አሸት አሸት አድርጊልኝ። ሻሹን ግን እንዳታወልቂ፣ በሥሩ እጅሽን አስገቢ» አሉኝ። እትዬ፣ ጸጉራቸውን አይቼ አላውቅም፤ ሲተኙም ሻሽ ነው። ይኸው ቀረቡኝ ብዬ ደስ እያለኝ በአሥር ጣቴ ገባሁበት። ሳሙና ቃሪያን እንደማያስለቅቅ ማን በነገረኝ!

ደቂቃም አልሞላ፣ «ኧረ ተቃጠልኩ! ኧረ ይቺ ልጅ ጭንቅላቴን ጠበሰችው!» ብለው ዘለሉ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እማዬ «የበርበሬን ነገር ወተት ነው የሚያበርደው» የምትለው ትዝ አለኝና ሻሹን ገፍፌ የቤቱን ወተት በሙሉ አናታቸው ላይ አፈሰስኩት። እሳቸው ይራገማሉ፣ እኔ አፈሳለሁ። ቃጠሎው በረድ ሲልላቸው ነው ያየሁት። ስንት ዓመት አጥብቀው እየጎነጎኑ፣ በላዩ ሻሽ እየጠፈሩበት፣ የግንባራቸው ዳር ዳር ተመልጧል፤ የቀረውም እንደ ደረቀ ሣር ተሰባብሯል። እሳቸውም ሻሹን ከእጄ ወስደው በቀስታ «ለልጄ እንዳትነግሪው» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ለልጃቸው አልተናገርኩም፤ ለእህቴ ግን ቃል አልገባሁም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ እኛን ደርድራ የምታደርገውን ሁሉ አደርግላቸዋለሁ። አብሽ ነክሬ አሳድርና አናታቸውን እለቀልቃለሁ፤ ሲታጠብ ጉሎ ዘይት ቀብቼ ከጫፉ ወደ ሥሩ ቀስ እያልኩ አበጥራለሁ፤ ጉንጉኑንም ላላ አደርገዋለሁ። ታዲያ አብሹ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት። ፎጣ ተጠምጥሞ፣ ጉንጭ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ማን ድስት ያማስላል? «በይ እንኪ፣ ያዢው» ብለው ጭልፋውን ሰጡኝ! በርጩማ ላይ ሆነው «እሳቱን ቀንሺ! ቃሪያ ጨምሪ!» ይላሉ። እኔ እሺ እላለሁ፤ አልጨምርም። በሦስተኛው ቅዳሜ ሳህናቸውን ጠርገው በሉና «እንዳልጨመርሽ አውቃለሁ። ጨጓራዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲለበልበኝ ነው የኖረው። እሳቷ ተብዬ ይሄን ለማን ልናገር?» አይሉኝም!

ባለፈው ቅዳሜ የባሌ አክስት መጣች። አንድ ማንኪያ ቀምሳ «ውይ፣ ተሳስቼ ሐኪም ቤት ገባሁ እንዴ? እሳቷ የት ሄደች?» አለች። ክው አልኩ፤ ጭልፋዬ ሄደች ብዬ ጨብጬ ያዝኳት። አማቴ ግን ረጋ ብለው ሻሻቸውን ፈቱ። ግንባራቸው ላይ አዲስ ጸጉር ችፍ ብሏል። «ጨጓራዬ አርፏል፣ ጸጉሬም በእሷ አብሽ በቅሏል። አንቺስ በቃሪያሽ ምን በቀለልሽ?» አሏት። አክስትየው ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ «አብሹ ስንት ሰዓት ነው የሚነከረው?» አለችኝ።

እኔም አልቀረልኝም፤ ፍሬው የወጣለት ግማሽ ቃሪያ በየምሳው ያለማምዱኛል። እንባዬ ሲወርድ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን፣ ትልቁን ከፈቀደ ግንባሩን ሳሚልኝ። እማዬን ጉልበቷን ስመሽ ሌላ የእንጨት ማበጠሪያ ትላክልኝ በያት። ስሄድ የሰጠችኝን አማቴ ትራሳቸው ሥር ሸጉጠውታል። መልሱልኝ ብላቸው «ጭልፋዬን ወስደሽ የለም እንዴ?» አሉኝ።

እህትሽ፣ ባለጭልፋዋ
ከማዕድ ቤቱ መስኮት አጠገብ፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን