ታብሌቱ የማን ነው?

ጥር 2
ቁርስ ላይ የሞምባሳን ነገር አነሳሁ። ጥምቀትን እዚሁ ናይሮቢ እናክብርና በባቡር እንውረድ፣ ባሕር እንይ፣ ጡረታ የወጣነው ለዚህ አይደል እንዴ አልኩ። ባለቤቴ እታገኘሁ ሻዩዋን አማሰለች። አማሰለች...
"ብቻህን ሂድ።"
"ለምን?"
"ናይቫሻ ሄደን አልነበር? የመጽሐፍ ሽፋን ሳይ ከርሜ መጣሁ። ፊትህ ከኋላው እንዳለ የማውቀው ስታስል ብቻ ነው።"
ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።
እኔ እኮ በሻንጣው የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ግማሹ መጽሐፍ ነበረ፤ ወገቤን ይዞኝ እሷ ናት ስትጎትተው የዋለችው። ሻንጣው ቢቀልስ? ሐሳቧን ትለውጥ ይሆን?

ጥር 4
ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ ከወዳጄ ከፊሊጶስ ጋር ምሳ። ድሮ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሁሉም ነገር መካኒክ ሆኗል።
መጽሐፎቼን ታብሌት ላይ ልጫን ይሆን ብለው፣ "ኢ-ሪደር ግዛ፣ የመጽሐፍ ማንበቢያውን" አለኝ፣ ጥብሱን ሳይውጥ። "ታብሌት ዓይን ያደክማል። ፀሐይ ላይ ደግሞ መስታወት ነው። ይሄ ግን ወረቀት በለው! ባትሪውም አያልቅም።"
ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ቅልል ያለ ነገር። እንግሊዝኛው ቁልጭ ብሎ ይታያል።
"አማርኛስ?"
"እሱን እንኳ ሞክሬው አላውቅም።"
ወስደህ ሞክረው ብሎ አዋሰኝ።

ጥር 5
የአማርኛ ልብ ወለድ ጫንኩበት። በፊደሉ ፈንታ ሳጥን! ገጹ ሙሉ ባዶ ሳጥን። የተረፈው የጥያቄ ምልክቱ ብቻ። ምን እንደተጠየቀ ግን አልታወቀም።
ካሳራኒ ለምትኖረው ልጃችን ለሐሊና ደወልኩ። "አባዬ፣ ዴቫይሱ ኦልድ ስለሆነ ነው። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ትራይ አድርግ፣ ሳዋ?"
ሳዋ፣ እሺ ማለቷ ነው። ሞከርኩ። ፊደሉ መጣ፣ ግን ጤፍ አከለ። ሳሰፋው መስመሩ ከገጹ ያመልጣል፤ ጫፉን ፍለጋ ስሄድ መጀመሪያውን እረሳዋለሁ። ዓረፍተ ነገር እያሳደድኩ ዋልኩ።

ጥር 7
ታብሌት ለማየት ከተማ ወረድን። እታገኘሁ አብራኝ የመጣችው ነጠላ ጫማ ልትገዛ ነው። "ለባሕር እንዳይመስልህ፣ ለቤት ነው" ብላ አስጠንቅቃኛለች።
የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴው የሙዓዊያ ሱቅ ጠባብ ናት፤ ሰውየው ግን ትዕግሥተኛ። ታብሌት አወጣልኝ፣ የአማርኛ መጽሐፍ ከፈትንበት። ማያውን በሁለት ጣቱ ከፈት ሲያደርገው ፊደሉ አደገ። "ማማም ትየው" ብሎ ለእታገኘሁ አቀበላት። ላለማሳፈር ተቀበለችው። እሷም እንደሱ ከፈት አደረገች፣ ደገመች... ፊደሉ አውራ ጣት ሲያክል ቆመች። ከዚያ ድምፅ አውጥታ አነበበች።
"ሴትየዋ በሩን ስትከፍት የሟቹ ባርኔጣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።"
ታብሌቱን ቶሎ አልመለሰችለትም።
ነጠላ ጫማውን ረስታው ነው ቤት የገባችው። ምን ሆነች?

ጥር 8
ታብሌቱን ገዛሁ። የፊሊጶስን መለስኩለት። "በዓይንህ ፈረድክ" አለኝ።

ጥር 10
ከገበያ ስመለስ እታገኘሁ ሶፋው ላይ ታብሌቱን ታቅፋ አገኘኋት። ስታየኝ ክድን አደረገችው።
"የወጥ አሠራር እያየሁ ነው።"
አርባ ዓመት ወጥ የሠራች ሴት!
በኋላ ከፈትኩት። እኔ ያቆምኩት ምዕራፍ ሁለት ላይ ነበር። የተከፈተው ምዕራፍ ሰባት። አልጠየቅኋትም... ፈራሁ መሰለኝ።
ራት ላይ፣ ከየት መጣ ሳይባል፣ "ሞምባሳ አሁን ሙቀቱ እንዴት ነው?"
"ደህና ነው አሉ" አልኩ፣ ምንም እንዳልመሰለው ሰው።

ጥር 14
ሞምባሳ ገባን። ባቡሩ ላይ የሆነውን ሳልረሳው ልጻፍ።
ገና ከናይሮቢ ሳንርቅ እጇን ዘረጋች። "ያን ነገር ስጠኝ።" ሰጠኋት። ማንበብ ጀመረች፣ ፊት ለፊቴ፣ ሳትደበቅ። አላስቻለኝም።
"ልብ ወለድ ከመቼ ወዲህ ነው የወደድሽው?"
"ከልጅነቴ። ሰው ሲያነብልኝ።"
"ታዲያ ለምን...?"
ታብሌቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "የሱቅ ስም አነባለሁ፣ ደረሰኝ አነባለሁ። መጽሐፍ ስይዝ ግን ፊደሉ ጉንዳን ሆኖ ይሮጥብኛል፣ ራሴን ለሁለት ይከፍለኛል፤ እዚህ ላይ ሳሳድገው ነው የቆመልኝ። አስተማሪዬ ሰነፍ ናት አለች፤ እኔም አመንኳት። አንተ ደግሞ ቤቱን በመጽሐፍ ሞልተኸዋል፤ ምን ብዬ ልንገርህ?"
"በየልደትሽ መጽሐፍ ስሰጥሽ..."
"አመስግኜ ደረደርኳቸው። አቧራቸውንም እጠርግ ነበር።"
እኔ እኮ መጽሐፍ የምትንቅ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴም እኔን። አርባ ዓመት! አንድ ቀን እንኳ ምን ይታይሻል ብዬ አልጠየቅኋት?
እጇን ያዝኩ። ትንሽ ቆይታ አስለቀቀችኝ። ገጽ ልትገልጥ!
ጻቮ የዱር አራዊት ፓርክ ስንደርስ ዝሆኖች ታዩ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮቱ ግር አለ።
"እታገኘሁ! ዝሆን! ከነግልገሉ!"
"ቆይ፣ ሰውየውን ሊይዙት ነው።"
"ዝሆን አይቆይም እኮ!"
ቀና እንኳ ሳትል "አንተ እይልኝ" አለች።

ጥር 16
ፊሊጶስ አልዋሸም። ባሕሩ ዳር፣ ፀሐይ ላይ፣ ታብሌቱ የሚያሳየው የራሴን አፍንጫ ብቻ ነው። እታገኘሁ ነጠላዋን አውልቃ በሁለታችን ራስ ላይ ጣል አደረገችው። ድንኳን ሆነ። እሷ ታነባለች፣ እኔ አዳምጣለሁ። መጀመሪያ ድምፅዋ ይፈራል... በኋላ ግን መርማሪው ሲናገር አወፈረችው። ሳቅ ገደለኝ።
ሌሶ የሚባለውን ባለ ጥለት ጨርቅ የምትሸጥ ሴት መጥታ ቆመች። "ባባ፣ ማማ፣ ምኮ ሳዋ?" ደህና ናችሁ ወይ ማለቷ ነው። ከነጠላው ሥር ሆነን ደህና ነን አልናት። ምን እንደመሰላት እንጃ፤ እየሳቀች ሄደች።

ጥር 17
ቁርስ ላይ። "ገዳዩን አወቅሁት።"
"እንዳትነግሪኝ!"
ቀኑን ሙሉ ፈገግ እያለች ታየኛለች። የጭካኔዋ ጭካኔ!

ጥር 24
ናይሮቢ። ዛሬ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። አልሄድም አላለችም። ሐኪሟ ብዙ መስታወት ስትቀያይርላት ቆየችና "ይሄ ከልጅነትሽ ጀምሮ አብሮሽ የኖረ ነው። መነጽር ያስተካክለዋል" አለቻት።
እታገኘሁ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ሰነፍ አልነበርኩማ" አለች።
ሐኪሟ አልገባትም። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ዓይኔ ውስጥ አንድ ነገር...
የመነጽሩን ፍሬም ራሷ መረጠች። ቀይ! አልተከራከርኩም።
ከዚያ ቤት። ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምራለች። ወጥ ቤት የገባሁት እኔ ነኝ።
"ለሽሮው ውኃው ስንት ነው?"
"ምዕራፉን ልጨርስ!"
"ሽንኩርቱ እያረረ ነው እኮ!"
"እሳቱን ቀንሰዋ፣ ሐብቴ!"
ቀነስኩት። ሽሮው ጓጎለ። አቀረብኩላት፣ በላችው። ምን እንደበላች ያወቀች አይመስለኝም።