ግማሹ ያልቀላው ፕላስተር

ለውድ እህቴ ለእታለም፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ መንታዎቹስ፣ አማትሽስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። ደህና ስልሽ ግን እንደምታውቂኝ ነው፤ ሰው ማመን የማይሆንላት ያችው እህትሽ ነኝ።

እማዬ ለጡቷ ካንሰር የጨረር ሕክምና ከጀመረች ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ምንም ብትጠይቂው መልሱ “ቆይ” ስለሆነ አቶ ቆይ ብዬዋለሁ። ገና ከመጀመሪያው ቀን ሁኔታው አላማረኝም። በዚህ ሰኞ ደግሞ እማዬ ደረት ላይ ውሃ የመሰለ ፕላስተር ለጠፈባት። ምንድን ነው ብዬ ሳፋጥጠው፣ ጨረር ሲያርፍበት በዓይን የማይታዩ የወርቅ ቅንጣቶች ይፈጠሩበታል፣ ናኖ ይባላሉ፣ ያኔ ፕላስተሩ ይቀላል፣ በቀላው መጠን ስንት ጨረር እንደደረሳት እንለካበታለን አለኝ። ወርቅ! በሆዴ፣ ወርቅ ያለው ሰው እኛ ላይ አይለጥፍም አልኩ።

ሲያነሳው ግማሹ ብቻ ነው የቀላው። ማክሰኞም ትናንትም እንደዚያው። ከእኛ በፊት ተራ የነበራት የአንዲት አስተማሪ ፕላስተር ግን ዳር እስከ ዳር ቀልቶ ነርሷ በትሪ ይዛው ስትወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እታለም፣ ደሜ ፈላ። ለእሷ ሙሉ፣ ለእናቴ ግማሽ? ኮሪደሩ መሀል ቆሜ ሰውዬውን ልክ ልኩን ነገርኩት። እሱ ግን አልተቆጣም። ሐኪሟን ጠራና እማዬን እንደገና አስተኝተው ደረቷ ላይ ያሉትን የቀለም መስመሮች ይለኩ ጀመር። ለካ ጨረሩን የሚያነጣጥሩት በእነሱ ነው።

ይሄኔ ክው አልኩ። እማዬ ንጽህና ስትወድ ታውቂያለሽ፤ እሑድ ዕለት መስመሮቹን በሳሙና ፈትጋ አስለቅቃቸው ነበር። እንዳይቆጧት ብላ ስትለምነኝ፣ ሃያ ዓመት ልብስ ሰፍቼ መስመር ያቅተኛል ወይ ብዬ፣ በሜትሬ ለክቼ በእስክሪብቶ መልሼ አሰመርኩላት። ልብስ ሰፊ ሰው የሚለካው አስቁሞ ነው፤ እኔም አስቁሜ አሰመርኩ። ስትተኛ ግን ገላ ይሸሻል። መስመሬ ሁለት ጣት ያህል ስቷል።

አፍሬ መግቢያ ቢጠፋኝም ሁሉንም እዚያው ተናዘዝኩ። ሐኪሟ የጎደለው ተሰልቶ ይሟላል፣ ያለቦታው ያረፈውም ለክፉ አይሰጥም ብላለች፤ ሦስት ጊዜ አስደግሜያታለሁ። መስመሩን አስተካክለው ዛሬ ፕላስተሩ ሙሉ ቀልቶ ወጣ። ባይኖር ኖሮ ግን እማዬ በየቀኑ በእኔ መስመር ጨረር እየተቀበለች፣ እኔ ሰውዬውን እየጠረጠርኩ እንከርም ነበር። ይሄ ያንገበግበኛል።

እማዬ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። ዛሬ ከሕክምናው ስትወጣ እንደ ወትሮዋ የሸሚዟን ቁልፍ እንድቆልፍላት ደረቷን አዞረችልኝ። መስመሮቹን እንዳልነካ እየተጠነቀቅኩ አንድ በአንድ ቆለፍኩላት።

ለባለቤትሽ አክብሮቴን ንገሪልኝ፤ የአማትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፤ መንታዎቹን ሳታበላልጪ አገላብጠሽ ሳሚያቸው። እማዬ ሁላችሁንም በስም እየጠራች መርቃችኋለች።

ታናሽሽ

ከሆስፒታሉ ጀርባ ከተከራየነው ክፍል
ሐሙስ፣ ጥቅምት 12